ጄይ ያላለውን አታስብሉት

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። የተጻፈው አሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የአሜሪካ የመጀመሪያው ዋና ዳኛ ጆን ጄይ በ1787 ለጆርጅ ዋሽንግተን በፊርማው የላከው አንድ «የተደበቀ» ደብዳቤ አለ። የስደተኛ ልጅ ፕሬዚዳንት እንዳይሆን በሩ የተዘጋው በዚያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱን አሌክሳንደር ሃሚልተንን ለመጣል የተሸረበ ሴራ ነበር። ጄይም መጤ የማይወድ የእንግሊዝ ዘር ነበር። «በትውልድ» የሚለውን ቃል ያሰመረበት ሁለቱም ወላጆች ዜጋ መሆን አለባቸው ለማለት ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ላይ ሳላችሁ የወለዳችኋቸው ልጆች ሙሉ ዜጋ አይደሉም፤ ትልቅ ሥልጣን አትመኙላቸው።

ነገሩ ሁሉ በሬ ወለደ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት። ችግሩ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑ ነው። ጄይ ጽፎታል፤ ፈርሞበታል፤ ቃሉንም አስምሮበታል። ጸሐፊው ግን እውነተኛ ወረቀት ይዘው ያልተጻፈበትን ነው ያነበቡልን። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ደብዳቤውን ራሱን እንየው። አጭር ነው፤ ከጽሑፋቸው አንድ አንቀጽ አይበልጥም።

ቀኑ ጁላይ 25 ቀን 1787 ነው። ጄይ ኒው ዮርክ ነው። ዋሽንግተን ደግሞ ፊላደልፊያ ሕገ መንግሥቱን የሚያረቅቀውን ጉባኤ በሰብሳቢነት እየመራ ነው። ጄይ የሚጀምረው በተራ ጉዳይ ነው። በ22 የጻፉልኝ ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ ይላል። በውስጡ የነበረውን ሌላ ደብዳቤ ወዲያው ለኮሞዶር ጆንስ አስረክቤያለሁ፤ እሳቸው ሥራ ይዟቸው ትናንት በሄደው የፈረንሳይ መርከብ አልተሳፈሩም ይላል። ቀጥሎ ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው ዐረፍተ ነገር ይመጣል፦

«አንድ ነገር ጠቆም እንዳደርግ ይፍቀዱልኝ፤ የውጭ አገር ሰዎች ወደ ብሔራዊ መንግሥታችን አስተዳደር እንዳይገቡ ጠንካራ ልጓም ማበጀት፣ የአሜሪካ ጦር ጠቅላይ አዛዥነትም በትውልድ ዜጋ ለሆነ ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ፣ ለማንም እንዳይተላለፍ በግልጽ መደንገግ ብልህነትና ወቅታዊ አይሆንም ወይ?»

ከዚያ ባለቤቱ ሰላምታ ታቀርባለች፤ ስላሰቧትም ታመሰግናለች። ታማኝ ወዳጅዎና አገልጋይዎ ብሎ ይፈርማል። አለቀ።

ያ የመጀመሪያው አንቀጽ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ጸሐፊው ቆርጠው ጥለውታል። ለኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ የሚጥመኝ እሱ ነው። ኮሞዶር ጆንስ የተባለው ጆን ፖል ጆንስ ነው፤ በ1779 እንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ የራሱ መርከብ እየሰጠመች የጠላትን የጦር መርከብ የማረከው የባህር ኃይል ጀግና። የተወለደው ስኮትላንድ ነው። እንግዲህ ጄይ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ባሕር ማዶ ለተወለደ አዛዥ ደብዳቤ ያደርሳል። መስመር ወርዶ ደግሞ የጦሩ የበላይ አዛዥ በትውልድ ዜጋ ይሁን ይላል። መጤ አይቶ ዓይኑ የሚቀላ ሰው እንዲህ አይጽፍም። የሚያሳስበው አንድ የተወሰነ ወንበር ነው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«የዋና ዳኛው ትእዛዝ» ይላሉ። በ1787 ጄይ ዳኛ አልነበረም፤ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚባለውም ገና አልተወለደም። ጄይ ዋና ዳኛ የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1789 ነው። እርግጥ ነው፣ ቀደም ሲል በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ዳኝነት ሠርቷል። ደብዳቤው ግን ፍርድም ትእዛዝም አይደለም። አንድ ወዳጅ ለአንድ ወዳጁ የላከው ጥቆማ ነው፤ እሱም በጥያቄ መልክ የቀረበ። ከዚህም በላይ ጄይ በጉባኤው አልነበረም። ኒው ዮርክ የላከቻቸው ሃሚልተንን፣ ዬትስንና ላንሲንግን ነው። ጉባኤ ያልገባ ሰው የጉባኤ ትእዛዝ ሊሰጥ አይችልም።

«የተደበቀ» ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም። ዋናው ደብዳቤ ከዋሽንግተን ወረቀቶች ጋር በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ቤተ መጻሕፍቱም እነዚያን ወረቀቶች በኢንተርኔት ለሁሉም ከፍቷቸዋል። የጄይ እጅ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ዘመኑ ሰው ካየነው ለማንበብ አያስቸግርም።

ትንሽ ክብደት ያለው ሁለተኛው ነጥባቸው ነው። «ዋሽንግተን ደብዳቤው በደረሰው በሁለት ቀን ውስጥ ሕግ አደረገው» ብለዋል። እዚህ ጋ ሁለት የተለያዩ ቀኖች ተምታተውባቸዋል። ዋሽንግተን ለጄይ መልስ የጻፈው ሴፕቴምበር 2 ነው፤ ስለ ጥቆማው አመሰገነው፣ በጉዳዩ ላይ ሌላ ነገር አላለም። ሴፕቴምበር 4 ደግሞ የአሥራ አንዱ ሰዎች ኮሚቴ ረቂቁን ሲያቀርብ «በትውልድ ዜጋ» የሚለው ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አለ። ሁለት ቀን የተባለው በመልሱና በረቂቁ መካከል ያለው ነው። ከጄይ ደብዳቤ እስከ ረቂቁ ከአርባ ቀን በላይ አልፏል።

በነዚያ አርባ ቀኖች የሆነውን ማየት ይጠቅማል። ኦገስት 6 የወጣው የመጀመሪያ ረቂቅ ለፕሬዚዳንቱ ምንም መመዘኛ አላስቀመጠም። ኦገስት 22 የቀረበው ሐሳብ ዕድሜው 35 ይሁን፣ ዜጋ ይሁን፣ 21 ዓመት አገር ውስጥ የኖረ ይሁን አለ፤ የትውልድ ነገር አላነሳም። ሴፕቴምበር 4 የመጣው የትውልድ ዜግነትን ጨመረ፤ 21ዱን ዓመት ወደ 14 አወረደው። ሴፕቴምበር 7 ጉባኤው ያለ ክርክር ተቀበለው። የጉባኤው አባል ጄምስ ማዲሰን በየቀኑ ማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን የጻፈው ክርክር የለም፤ አልነበረምና።

ደብዳቤው ፕሬዚዳንቱ በትውልድ ዜጋ ይሁን በሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ላይ እጁ አለበት ወይ? እኔ ሳስበው አለበት። የቃሉ መመሳሰልና የቀኑ መቀራረብ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ግን ከማሰብ አልፌ ተረጋግጧል ማለት አልችልም። ዋሽንግተን የኮሚቴው አባል አልነበረም። ደብዳቤውን ለኮሚቴው እንዳሳየ የሚናገር መዝገብም የለም። ሐሳቡ ደግሞ በጄይ ጭንቅላት ብቻ አልነበረም። ጉባኤው ሊያልቅ ሲል ሃሚልተን ለማዲሰን የራሱን ረቂቅ ሰጥቶታል። በዚያ ላይ ፕሬዚዳንት የሚሆነው «አሁን ዜጋ የሆነ፣ ወይም ከዚህ በኋላ ዜጋ ሆኖ የሚወለድ» ሰው ይሁን የሚል አለ። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጸሐፊው ያልነገሩን ደግሞ የዘመኑን ስጋት ነው። ያ በጋ ወሬው ሁሉ የንጉሥ ነበር። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሳልሳዊ ሁለተኛ ልጅ ተጠርቶ ሊነግሥ ነው ይባል ነበር። ከዚያ በፊትም የፕሩሲያው ልዑል ሄንሪ ስም ተነስቶ ያውቃል። ስብሰባው ዝግ ስለነበር ወሬው ሜዳውን አገኘ። በመጨረሻ ልዑካኑ ራሳቸው በጋዜጣ በኩል የምንሠራውን ልንነግራችሁ አንችልም፣ የማንሠራውን ግን እንነግራችኋለን፣ ንጉሥ አስበን አናውቅም እስከማለት ደረሱ። በዚያ ላይ ፖላንድን ጎረቤቶቿ በ1772 ከተቀራመቷት ገና 15 ዓመቱ ነው። የጄይ ስጋት እዚህ ላይ ነው የሚቀመጠው፦ ጦርና ገንዘብ ያለው የአውሮፓ መስፍን መጥቶ አዲሷን ሪፐብሊክ እንዳይጠቀልላት። ከደብሊን ወይም ከግላስጎ መርከብ ላይ የወረደ ሸማኔ አላስፈራውም።

ወደ ሃሚልተን እንምጣ፤ ከሁሉ ደካማው ነጥብ ይሄ ነው።

ሃሚልተን ኔቪስ በምትባል የካሪቢያን ደሴት መወለዱ እውነት ነው። «ጄይ ተቀናቃኙን ሊያስወግድ» የሚለው ግን ውሃ አያነሳም። አንቀጹን ራሱን ያንብቡት። «በትውልድ ዜጋ» ካለ በኋላ ወዲያው «ወይም ይህ ሕገ መንግሥት በጸደቀበት ጊዜ ዜጋ የነበረ» ይላል። ሃሚልተን ያኔ ዜጋ ነበር። ስለዚህ በሩ ለእሱ ክፍት ነበር። ፕሬዚዳንት ያልሆነበት ሌላ ብዙ ምክንያት አለ፤ ይሄ አንቀጽ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ አይደለም። እላይ ያዙልኝ ያልኩትን አሁን አምጡት፦ ሃሚልተን ራሱ ከሞላ ጎደል ያንኑ ገደብ ጽፎ ነበር። ሰው በራሱ ላይ ሴራ አይሸርብም። ከደብዳቤው ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ደግሞ ሃሚልተን፣ ጄይና ማዲሰን በአንድ የብዕር ስም ተባብረው ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ በኒው ዮርክ ጋዜጦች መጻፍ ጀመሩ። ከ85ቱ ጽሑፎች አምስቱ የጄይ ናቸው። ጠላቶች እንዲህ አይሠሩም።

«ጄይ የእንግሊዝ ዘር፣ መጤ ጠል» የሚለውን ግማሹን በእውነት፣ ግማሹን በሐሰት ላስቀምጥ።

ሐሰቱ ዘሩ ነው። ጄይ ከታወቁት መሥራቾች መሃል የእንግሊዝ ደም ከሌላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። አያቱ ኦገስተስ ጄይ በሃይማኖቱ ተሰዶ ከፈረንሳይ የወጣ ፕሮቴስታንት ነበር። እናቱ የደች ዘር ናት፤ ቫን ኮርትላንድ ከሚባለው የኒው ዮርክ ቤተሰብ። ማለትም ጄይ የስደተኛ የልጅ ልጅ ነው።

እውነቱ ደግሞ ይኸውና። ጄይ መልአክ አልነበረም። ካቶሊኮችን ይጠረጥር ነበር፤ ቤተሰቡ ከፈረንሳይ የወጣበት ታሪክ ሳይጫነው አልቀረም። በ1777 የኒው ዮርክ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የውጭ አገር ሰው ዜግነት ሲወስድ ለማንኛውም የውጭ ንጉሥና መስፍን ያለውን ታዛዥነት በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ጉዳይ እንዲክድ የሚያስምል ቃል እንዲገባ የገፋው እሱ ነው። ቃሉ ያነጣጠረው ሮም ላይ እንደነበር ማንም አልሳተውም። ባሪያም ነበረው፤ በ1785 ግን ባሮች ነፃ እንዲወጡ የሚሠራውን የኒው ዮርክ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መራ። በ1799 ደግሞ ገዥ ሆኖ ባርነት ቀስ በቀስ የሚቀርበትን ሕግ ፈረመ። ጸሐፊው ጄይን ለመውቀስ ከፈለጉ እዚህ ጋ ስንቅ ነበራቸው። እሳቸው ግን የሌለውን ፈለጉ።

ስለ መጤዎች እውነተኛውን ክርክር ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ ደብዳቤውን ትቶ ኦገስት 9 ቀን 1787 ፊላደልፊያ የሆነውን ያንብብ። ለሴኔት አባልነት ስንት ዓመት ዜጋ መሆን ይበቃል በሚለው ላይ ነበር ጭቅጭቁ። አንዱ ወገን 14 ዓመት አለ። ጄምስ ዊልሰን ተነሳ። የሕግ ሊቅ ነው፤ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አንዱ ሆኗል። የተወለደው ስኮትላንድ ነው። ማዲሰን እንደመዘገበው ዊልሰን የተናገረው ከሌሎቹ በተለየ ስሜት ነበር፦ እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም፤ የአንዳንዶቻችሁ ሐሳብ ከሄደ እኔው ራሴ ያረቀቅኩት ሕገ መንግሥት ሥልጣን እንዳልይዝ ሊከለክለኝ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም እንዲህ ያለ ጠባብነት በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሲገባ ማየት እንደሚያሳዝነው ተናገረ። በተቃራኒው ወገን ደግሞ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ፒርስ በትለር፤ አየርላንድ የተወለደ! እኔ እዚህ በመጣሁ ማግስት ሥልጣን ሰጥታችሁኝ ቢሆን ኖሮ የውጭ ልማዴና ዝንባሌዬ ሳይለቀኝ ክፉ አገልጋይ እሆን ነበር አላቸው። በስተመጨረሻ ዘጠኝ ዓመት ተባለ።

ይሄው በትለር ሴፕቴምበር 4 «በትውልድ ዜጋ» የሚለውን ካመጡት የአሥራ አንዱ ኮሚቴ አባላት አንዱ ነው። በጉባኤው ከተገኙት 55 ልዑካን ስምንቱ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ተወላጅ በመጤ ላይ ተነሳ የሚለው ተረት እዚህ ጋ ይፈርሳል፤ መጤዎቹ ራሳቸው በሁለት ተከፍለው ነበር።

አሁን ወላጆችን ያስደነገጠው ነጥብ ላይ ደረስን። «ጄይ ‹በትውልድ› የሚለውን ያሰመረበት አባትም እናትም ዜጋ ይሁኑ ለማለት ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ላይ ሆናችሁ የወለዳችሁት ልጅ አይሞላም» ብለዋል።

በደብዳቤው ውስጥ «አባት» የሚል የለም። «እናት» የሚልም የለም። መስመሩ የተሰመረው ከአንድ ቃል በታች ነው። ከአንድ መስመር ይሄን ሁሉ ሕግ ማውጣት ይቻላል ወይ? ጄይ ምን ማለቱ እንደሆነ አላብራራም። ግልጽ የሚመስለው፣ በኋላ ዜግነት የወሰደን ሰው ሲወለድ ጀምሮ ዜጋ ከሆነ ሰው መለየቱን ነው። ወላጆቹ ምን ይሁኑ የሚለውን አላነሳውም።

የጄይን ቤት ራሱን እንይ። እሱና ባለቤቱ ሣራ ለዲፕሎማሲ ሥራ አውሮፓ ሳሉ ልጆች ወልደዋል፦ ማሪያ በ1782 ማድሪድ፣ አን በ1783 ፓሪስ አጠገብ። ያ ዘመን ሴት ልጅን ለምርጫ እንኳ የማያቀርብ ነበርና ስለ ፕሬዚዳንትነታቸው ማንም አልተጨነቀም። ጥያቄው ግን አይቀርም። ውጭ አገር ከዜጋ የተወለደ ልጅስ? ኮንግረስ በ1790 ባወጣው የዜግነት ሕግ እንዲህ ያሉ ልጆች በትውልድ ዜጋ ይቆጠራሉ አለ። በ1795 ሕጉን ሲተካው ዜጋ መሆናቸውን አስቀርቶ «በትውልድ» የሚለውን አወጣው። እስከዛሬ ሰው የሚከራከረው በዚህኛው በኩል ነው፤ ውጭ ስለተወለዱት። አሜሪካ ምድር ላይ ስለተወለዱት ያለው ክርክር ከዚህ በጣም የቀጠነ ነው።

ማስረጃ ይምጣ ካላችሁ ቼስተር አርተርን ላምጣ። በ1829 ቨርሞንት ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የመጣ ሰባኪ ነበር፤ ዜግነት የወሰደው በ1843 ነው፤ ልጁ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው። አርተር በ1881 ፕሬዚዳንት ሆነ። የጸሐፊው ሕግ እውነት ቢሆን ኖሮ ዋይት ሐውስን ደጁን አያይም ነበር። የሚገርመው፣ ተቀናቃኞቹ የትውልዱን ጉዳይ አንስተውበት ነበር። ግን የሚሉት የተወለደው ካናዳ ነው፣ አየርላንድ ነው እያሉ ነው። የተወለደበትን ቦታ ነበር የሚያስሱት።

የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ነገር እንጨምር። በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ተወሰነ። ሰውየው ሳን ፍራንሲስኮ ነው የተወለደው። ወላጆቹ ቻይናውያን ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ሕግ ዜጋ መሆን እንኳ አይፈቀድላቸውም። ፍርድ ቤቱ አሜሪካ ምድር ላይ የተወለደ ዜጋ ነው በሚለው በሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ መሠረት ሲወለድ ጀምሮ ዜጋ ነው አለ። በልዩነት የቆሙት ሁለቱ ዳኞች ምን ብለው እንዳማረሩ ብታዩ ጥሩ ነው። እንዲህ ከሆነማ እዚህ የተወለደ የባዕድ ልጅ ሁሉ ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችላል ማለት ነው አሉ። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ውሳኔው የት እንደሚያደርስ ገብቷቸው ነበር።

ጸሐፊው የጠቀሱት ብቸኛ የፍርድ ቤት ጉዳይ በ1875 የተወሰነው የማይነርና የሃፐርሴት ክርክር ነው። ቨርጂኒያ ማይነር የመምረጥ መብት የጠየቀች የሚዙሪ ሴት ነበረች። ፍርድ ቤቱ በነገር መሃል ከዜጋ ወላጆች እዚሁ የተወለዱ ልጆች በትውልድ ዜጋ መሆናቸውን የተጠራጠረ የለም አለ። ወላጆቻቸው ዜጋ ስላልሆኑት ደግሞ አንዳንዶች ይጠራጠራሉ፣ ያንን አሁን መፍታት አያስፈልገንም ብሎ አለፈው። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጠቅሰው ሁለተኛውን ዋጡት። «አንወስንም» የተባለውን «ተወስኗል» ብሎ ማቅረብ ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በ2009 የኢንዲያና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄንኑ ክርክር አይቶ አልተቀበለውም፤ አገር ውስጥ የተወለደ ሰው ወላጆቹ ማንም ይሁኑ ማን በትውልድ ዜጋ ነው አለ።

እውነቱን ለመናገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ለፕሬዚዳንትነት በትውልድ ዜጋ ማለት ይሄ ነው» ብሎ በቀጥታ ወስኖ አያውቅም። ተግባሩ ግን ይታያል። የባራክ ኦባማ አባት ኬንያዊ ተማሪ ነበር፤ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ አያውቅም። ልጁ በ1961 ሆኖሉሉ ተወለደ፤ ሁለት ጊዜ ተመረጠ። ካማላ ሃሪስ ኦክላንድ ስትወለድ እናቷ ከሕንድ፣ አባቷ ከጃማይካ የመጡ ነበሩ፤ ዜግነት ገና አልወሰዱም። ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች። በሕገ መንግሥቱ 12ኛ ማሻሻያ መሠረት ለፕሬዚዳንትነት የማይበቃ ሰው ምክትል መሆን አይችልም። እንግዲህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ግሪን ካርድ ይዛ የወለደች እናት ልጇ ከሃሪስ በምን ያንሳል?

አንዳንዱ ሰው ይሄን ጽሑፍ የተቀበለው በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስለ ትውልድ ዜግነት ከፈረሙት ትእዛዝ ጋር ቀላቅሎት ይመስለኛል። ያ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚመለከተው ወረቀት በሌላቸው ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ባሉ ወላጆች የሚወለዱ ልጆችን ነው። ገና በ2025 እንደወጣ ፍርድ ቤት ተከራክረውበት ታገደ። ከጄይ ደብዳቤ ጋር ማገናኘት አራምባና ቆቦ ነው። ግሪን ካርድ ያላቸውን ወላጆች ትእዛዙ ራሱ አልነካቸውም።

ስለኛ ሰው ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው በተሳሳተ ወረቀት ላይ ነው ያፈጠጡት። ያ የ1790 ሕግ ዜግነት መውሰድ የሚችለው «ነፃ የሆነ ነጭ ሰው» ብቻ ነው ይል ነበር። አፍሪካ የተወለደ ሰው ዜግነት እንዲያገኝ የተፈቀደው በ1870 ነው። ከዚያም በ1924 በወጣው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተሰጠው በዓመት 100 ሰው ነበር። የኮታው ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው። የስደተኞች ሕግ በ1980 መጣ፤ ዲቪ ደግሞ በ1990ዎቹ። የኛ ሰው በር ላይ የቆመው በነዚህ ሕጎች ነው። ጄይ ለዋሽንግተን በጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ነጥባቸው «ዜግነት የወሰደ ሰው ከፍ ያለ ሥልጣን አይደርስም» የሚለው ነው። ይሄን በስም እንመልሰው። ለተወካዮች ምክር ቤት ሰባት ዓመት፣ ለሴኔት ዘጠኝ ዓመት ዜጋ መሆን ይበቃል። ኢልሃን ኦማር ሶማሊያ ተወልዳ በ2019 ምክር ቤት ገብታለች። ሄንሪ ኪሲንጀር ጀርመን፣ ማደሊን ኦልብራይት ፕራግ ተወልደው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ጄይ ያነሳው የጦሩን ጉዳይ ነበርና ከሁሉ የሚገርመኝ ጄኔራል ጆን ሻሊካሽቪሊ ነው። ዋርሶ ተወልዶ በልጅነቱ መጣ። ከ1993 እስከ 1997 የጦር ኃይሎች ጥምር ኤታ ማዦር ሹም ሆነ። ወታደራዊ ልብስ ከለበሰ ሰው መሃል ከእሱ በላይ ማዕረግ አልነበረም። ከእሱ በላይ የነበሩት ሲቪሎች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ጠቅላይ አዛዡ ፕሬዚዳንት፤ ጄይ በትውልድ ዜጋ ይያዘው ያለው ያ ወንበር።

«ለማንም እንዳይተላለፍ» የሚለው የጄይ ቃልም ዛሬ ድረስ ይሠራል። ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ባይኖሩ ሥልጣኑ በተራ የሚተላለፍበት ዝርዝር አለ፤ ከምክትሉ ጀምሮ ሲቆጠር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አራተኛ ነው። ኪሲንጀርና ኦልብራይት በወንበሩ ሳሉ ተራው ቢደርሳቸው ይታለፉ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ እሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆች። ከአዲስ አበባ በጥቂት ወር ዕድሜያቸው ተወስደው ሚኒሶታ ወይም ኦሪጎን ያደጉ አሉ። ከአሜሪካ ሌላ የሚያውቁት አገር የለም። በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት ሁኔታው ለተሟላላቸው ዜግነቱ ወዲያው ይሰጣቸዋል። ሲወለዱ ግን ዜጋ አልነበሩምና አንቀጹ ይከለክላቸዋል። የጄይ መስፍን የሚያስፈራ ጦር ነበረው፤ እነዚህ ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው ያላቸው። በ2003 ሴናተር ኦሪን ሃች ዜግነት ከወሰደ 20 ዓመት የሞላው ሰው ፕሬዚዳንት መሆን እንዲችል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አቅርቦ ነበር። ብዙ ሰው ኦስትሪያ ለተወለደው ተዋናይ ለአርኖልድ ሽዋርዝኔገር የተሰፋ ልብስ ነው ብሎ ሳቀበት፤ ነገሩም ሳይሄድ ቀረ። ማሻሻያ ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የ38 ክፍለ ግዛቶች ይሁንታ ይፈልጋል። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ስለዚህ ቢያደርጉት እኔም አንባቢያቸው ነኝ።